ዙር የሌላት ቀን

ወር በገባ ከአንድ እስከ ሰባት ባሉት ቀናት አንደኛው ዙር ወደ ግቢ ይገባል። ከስምንት እስከ ዐሥራ አራት ሁለተኛው፣ ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ አንድ ሦስተኛው፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሃያ ስምንት አራተኛው ዙር ተራውን ያገኛል። የቀሩት ሁለት ቀናት ግቢው በመድኃኒት የሚታጠብባቸው፣ የእጥበት ቀናት ናቸው። በቀጨማ ዩኒቨርሲቲ ይህ ሥርዓት ከተጀመረ አርባ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በ2087 ዓ.ም. ከነበሩት ተማሪዎች መካከል ከዚህ የተለየ ዩኒቨርሲቲ ሊኖር ይችላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ተማሪ ሲመዘገብ ከስሙ ቀጥሎ ዙሩ ይጻፋል። በዙሩ ሳምንት ግቢ ገብቶ ያድራል፣ አዳራሽ ገብቶ ይማራል፤ ሌሎቹን ሳምንታት ከወላጆቹ ቤት ሆኖ ትምህርቱን ይከታተላል። በእነዚያ ሳምንታት ፊቱ በአዳራሹ የጎን ግድግዳ ላይ ከሌሎች ፊቶች ጋር ተደርድሮ ይታያል። ግቢ ያለው ተማሪ ባለወንበር፣ ቤት ያለው ባለመስኮት ይባላል። ባለወንበሩ ሳምንቱን ጨርሶ ሲወጣ ባለመስኮት ይሆናል፤ ተተኪውም በማግስቱ በዚያው አልጋ ይተኛል፣ በዚያው ትሪ ይበላል፣ በዚያው ቦታ ይቀመጣል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። የተለያየ ዙር ሰዎች አንድ አየር እንዳይተነፍሱ ተከልክሏል።

ዙሩን ያመጣው ተላላፊ ትኩሳት በአገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ዙሩ ግን አልተነሣም፤ እንዲነሣ የጠየቀም የለም። ማደሪያው፣ ወጥ ቤቱና የመታጠቢያው ውኃ ለሩቡ ተማሪ ተለክተው ተሠርተዋል። ወላጆችም ልጃቸውን በወር ሦስት ሳምንት ከቤት ማግኘትን ለምደውታል።

መምህር ኢዮስያስ ገበየሁ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራሉ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሲሄዱ ቀጥ ብለው ነው፤ ባለመስኮቶቹ ከደረታቸው በታች እንደማያዩአቸው ቢያውቁም ጫማቸውን ሳይወለውሉ ክፍል ገብተው አያውቁም። ጠዋት በእጥበቱ ዋሻ ሲያልፉ በሩ ስማቸውን፣ የሰውነታቸውን ሙቀትና የዕለቱን ዙር በሴት ድምፅ ያነብባል፤ እርሳቸውም ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉታል። በሩ መልሶላቸው አያውቅም። መምህሩም መልስ አጣሁ ብለው ምስጋናቸውን አላስቀሩም።

አዳራሹ የጥንት ነው። ዐሥራ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ስምንት ሰው እንዲያስቀምጥ ታስቦ የተሠራ ነበር። አሁን በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ ሁለት ቢጫ ክቦች ተቀብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ተማሪው የሚቀመጠው በቁጥሩ ላይ ነው። በክቦቹ ላይ እንጨቱ ተበልቶ ጎድጉዷል። በክቦቹ መካከል ያለው ግን ቫርኒሹ እንደተቀባ ያበራል።

መምህሩ ሙሉ ክፍል ያስተማሩት ሥራ በጀመሩባቸው ሦስት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሩቡን ክፍል በአካል፣ የቀረውን በግድግዳ ላይ ነው የሚያገኙት። ሲናፍቃቸው የኖረው የተማሪ ፊት አይደለም፤ ፊትማ ግድግዳው ላይ ሞልቷል። የሚናፍቃቸው ጥያቄ ጽፈው ወደ ክፍሉ ሲዞሩ ይጀምር የነበረው ጉርምርምታ ነው። አንዱ ወደ ጎኑ ዘንበል ይላል፤ ሌላዋ ከኋላዋ ያለውን ትጠይቃለች፤ «አይደለም»፣ «ነው እንጂ»፣ «እስቲ አሳየኝ» የሚሉ ድምፆች ከየአቅጣጫው ይነሡና ተደባልቀው አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ያ ድምፅ የማንም አልነበረም። ባለመስኮት የሚናገረው የግድግዳው መሣሪያ ተራ ሲሰጠው ነው፤ ባለወንበሮችም ተራርቀው ስለሚቀመጡ አይንሾካሾኩም። ስለዚህ ድምፁ ጠፋ። መጥፋቱን ያስተዋለም የለም፤ ያስተዋሉት መምህር ኢዮስያስ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ለማንም አልተናገሩም።

በመጪው መጋቢት ሰባ ዓመት ይሞላቸዋል፤ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ብቻ፣ ክፍላቸውን በሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት ይፈልጋሉ።

ነሐሴ ዐሥር ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ስምንት ሰዎች በአንድ አግዳሚ ላይ በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ የሚል ነበር። በአዳራሹ የነበረው ሁለተኛው ዙር ነው። ከግድግዳው ላይ ያፌት የሚባለው የሦስተኛው ዙር ተማሪ ተራ ጠየቀ፤ ያፌት ተራ ሲጠይቅ ቀድመው የሚስቁ አሉ።

«መምህር፣ ጥያቄው ስሕተት አለበት። በአንድ አግዳሚ የሚቀመጠው ሁለት ሰው ነው።»

«ስምንት ነው የተጻፈው።»

«ስምንት ሰው እዚያ ላይ? ተደራርቦ ነው?»

የክፍሉ አለቃ ኖላዊት ከቢጫው ክብ ላይ ሆና ወደ ግድግዳው ዞረች። «ተደራርቦ ሳይሆን ተጠጋግቶ ነው፣ አንተ።»

«ታዲያ ክርናቸውን የት ያደርጉታል?»

«የጎረቤታቸው ጎን ላይ» አሉ መምህሩ።

ተማሪዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፤ የግድግዳው ሳቅ ግን ተራ እየተሰጠው፣ አንድ በአንድ ደረሰ። የመጨረሻው ሰው ሲስቅ ሌሎቹ ሁሉ ረስተውት ነበር።

በዚያ ሰሞን የዓመቱ መጨረሻ ቀናት ድልድል ለመምህራን ተላከ። ዙሩን የሚደለድለው መሣሪያ የተገዛው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሠሪዎቹ ከባሕር ማዶ ሆነው ዐሥራ ሦስተኛው ወር ስንት ቀን እንዳለው ጠይቀው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ አባላትም፣ ሁሉም የተማሩ ሰዎች፣ ሳያመነቱ «አምስት» ብለው መለሱ። የአገሩ ሰው በድንገት ሲጠየቅ እንደሚመልሰው ነው የመለሱት። ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም በየአራት ዓመቱ አንዲት ቀን እንደምትጨመር ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዳቸውም አላስታወሷትም።

መምህር ኢዮስያስ የተላከላቸውን ነገር እስከ መጨረሻው መስመር የማንበብ ልማድ ነበራቸው። የጳጉሜን አምስቱ ቀናት የታላቁ እጥበት ናቸው፤ አራቱም ዙሮች ተከልክለዋል። ከጳጉሜን አምስት ቀጥሎ የሰፈረው መስከረም አንድ ነው። ዘመኑ ደግሞ ሉቃስ ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። በሩ የሚፈቀድለትን ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚከለከለውን ነው። በጳጉሜን ስድስት የተከለከለ ሰው አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ቀኑን ይጠብቅ ነበር። እርሳቸው ግን በማግስቱ ክራቫታቸውን አስረው ወደ መርሐ ግብር ክፍል ሄዱ። ኃላፊዋ ኤልዳና የምትባል፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፤ ከመስታወት ጀርባ ትቀመጣለች።

«ጤና ይስጥልኝ። ጳጉሜን ስድስት ለየትኛው ዙር ናት?»

ኤልዳና ወደ ድልድል ገበታዋ ተመለከተች። ከዚያ በጣቶቿ ቆጠረች። ከዚያ እንደገና ወደ ገበታዋ ተመለከተች።

«ለማንም አይደለችም» አለች በመጨረሻ።

«ለእጥበቱስ?»

«ለእጥበቱም። መምህር፣ ይህን ለማን ለማን ነገሩ?»

«ለሚመለከተው ሰው። ለእርስዎ።»

«ባይነግሩኝ ኖሮ እኮ...»

«እኔ በጓሮ አልገባም» አሉ መምህሩ። «በዚያ ቀን አራቱንም ዙር በአዳራሹ ላስተምር አስቤያለሁ። የሚከለክል ደንብ ካለ ያሳዩኝ፤ እተወዋለሁ። ከሌለ ግን በትልቁ በር እገባለሁ።»

«የጎደለ ቀን ሳገኝ መሙላት ሥራዬ ነው። በአንድ ጣት ነው የምሞላው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ ብለው መጡ?»

«እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

ኤልዳና ወንበሯን ወደ መስታወቱ ሳበች። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ሰው አልነበረም። «ቢገቡ ምን እንደሚከተል ልንገርዎት። አንድ አየር የተነፈሱ ሰዎች ወደየዙራቸው አይመለሱም። ቢመለሱ አራቱም ዙር ይነካካላ። ስለዚህ እስኪመረቁ አንድ ላይ ይሆናሉ፤ ቤታቸውም አይሄዱም።»

«ልጆቹ?»

«ልጆቹ። እርስዎ ግን ከስድሳ አምስት በላይ ነዎት። ያን ያህል ሕዝብ ካለበት አየር የወጣ ሽማግሌ... ይቅርታ።»

«ሽማግሌ ስድብ አይደለም። ይቀጥሉ።»

«ጡረታው እስኪደርስ ክፍል አይገባም። ከቤትዎ ሆነው ነው የሚያስተምሩት። አሁን በየሳምንቱ ሃያ አራቱን እንኳ በአካል ያገኟቸዋል። እሱም ይቀርብዎታል።»

«አንዲት ሰዓት ናት እንግዲህ።»

«አንዲት ሰዓት ናት።»

መምህሩ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ኤልዳና ውኃ ለመቅዳት ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ጠርሙሱን አነሣችና ሳትቀዳ መልሳ አስቀመጠችው።

«መምህር፣ እኔን አያውቁኝም አይደል?»

«የመርሐ ግብር ኃላፊ ነዎት።»

«ሒሳብ አስተምረውኛል፤ አራት ዓመት። አራተኛ ዙር ነበርኩ። በእኛ ጊዜ የአራተኛው ዙር ሳምንት ከአዳራሹ እድሳት ጋር ይጋጭ ስለነበር አንድም ቀን በአካል አልተማርንም። ከግድግዳው ታችኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛዋ።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊት አልመጣላቸውም። «ከጀርባሽ ሰማያዊ ግድግዳ ነበር» አሉ። «የተሰነጠቀ። አንድ ክረምት ስንጥቁ ተለሰነ።»

«አባቴ ነው የለሰነው» አለች፤ ድምጿ ተለወጠ።

«ይህን ያህል ረጅም መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

«ለእኔም እርስዎ አጭር ሰው ይመስሉኝ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ኤልዳና ሳቋን ሰብስባ ወደ ገበታዋ ተመለሰች። «ለመሙላት እስከ ጳጉሜን አምስት ማታ ጊዜ አለኝ» አለች። «ቃል አልገባልዎትም።»

«አልጠየቅሁሽም።»

መምህሩ በዚያው ሳምንት ነገሩን ለክፍላቸው ገለጹ። ቀኑን፣ ደንቡን፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሳያጋንኑና ሳያሳንሱ ተናገሩ። የራሳቸውንም ዕጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አለፉ። መምጣት ግዴታ አለመሆኑን፣ ፈተናም ማርክም እንደሌለው አስረዱ። ቀኗ በመጨረሻው ሰዓት ልትሞላ እንደምትችልም አልሸሸጉም።

«ማርክ ከሌለው ማን ይመጣል?» አለ ያፌት።

«አንተ ነህ ቀድመህ የምትመጣው» አለችው ኖላዊት።

ከዚያ በኋላ ማንም ተራ አልጠየቀም። መምህሩም ይህን ምን ብለው እንደሚተረጉሙት አላወቁም።

በየቤቱ ክርክር ተነሣ። የኖላዊት እናት ልጃቸው ሻንጣ ስታዘጋጅ አግኝተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ያን ሁሉ ሰው ካለበት ክፍል ልትገቢ? ከዚያ ወዲያ ቤትሽን ላታዪ? ለማን ብለሽ?»

«ለማንም።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ?»

«አብረውኝ የሚማሩትን ሰዎች ማየት ነው የምፈልገው፣ እማዬ። እግራቸውን እንኳ አይቼው አላውቅም።»

እናቷ ትንሽ ቆይተው ብርድ ልብስ ይዘውላት መጡ።

ጳጉሜን ስድስት ቀን ጠዋት ዝናብ አባርቶ ነበር። መምህር ኢዮስያስ ጫማቸውን ወለወሉ። ቀኗ ተሞልታ እንደሆነ አልጠየቁም፤ በሩ ይነግራቸዋል። በእጥበቱ ዋሻ አልፈው ሲቆሙ በሩ ስማቸውን አነበበ፤ ሙቀታቸውን አነበበ፤ «የዕለቱ ዙር» አለና ቆመ። መምህሩም ቆሙ። ቆይቶ «የዕለቱ ዙር» ሲል ደገመና እንደገና ዝም አለ። ከዚያ ተከፈተ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ከአዳራሹ ገና ሳይደርሱ ድምፅ ሰሙ። የሚያውቁት ድምፅ አልነበረም፤ የሚለማመጡ ሰዎች ድምፅ ነበር። በሩን ሲከፍቱ ክፍሉ ሞልቶ አገኙት። አንድም ሰው አልተቀመጠም። ተማሪዎቹ ሁሉ መጥተው እያንዳንዱ በለመደው ቁጥር ዘንድ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ቢጫ ክብ አራት ባለቤት አለው። አራቱም አንዱ ሌላውን ቀድሞ እንዲቀመጥ ይለምናሉ።

«በሞቴ ተቀመጪ።»

«ኧረ አንተ ተቀመጥ፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው።»

«እሷ ቆማ እኔ ልቀመጥ? አይሆንም።»

«እንግዲያው ሁላችንም እንቁም።»

በክቦቹ መካከል የሚያበራው እንጨት ባዶውን ነው። እዚያ ላይ መቀመጥ እንደሚቻል ያሰበ አልነበረም። ያፌት ከመምህሩ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠም እጆቹን ዘረጋ። ለሌሎቹ ዙሮች ከግድግዳው ላይ ግዙፍ ይመስላቸው የነበረው ልጅ ትከሻው ጠባብ፣ እግሩ ቀጭን ነበር።

«መምህር፣ ዐሥራ ሰባት ቁጥር የእኔ ናት። ኖላዊትም የእኔ ናት ትላለች። እነዚህም ሁለቱ። ይፍረዱን።»

መምህሩ በሩን ከኋላቸው ዘጉ። «ጠጋ ጠጋ በሉ» አሉ።

ተማሪዎቹ ተያዩ። ቃሉን ያውቁታል፤ ሲታዘዙበት ግን የመጀመሪያቸው ነው። ኖላዊት ቀድማ በክቡ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብላ ወደ ጎን፣ ወደሚያበራው እንጨት ተንሸራተተች። ያፌት አጠገቧ ተቀመጠ። ሦስተኛው መጣ፤ አራተኛዋ መጣች። አግዳሚው ጮኸ። ትከሻ ከትከሻ ሲነካካ አንዳንዶቹ ደንግጠው ተመለሱና እንደገና ተቀመጡ። አንዲት ልጅ ከጎኗ ያለው ልጅ ክንድ መሞቁን ስታውቅ ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች ሲጠይቋት መናገር አልቻለችም።

«ክርኔን የት ላድርገው?» አለ ያፌት።

«እኔ ላይ ካደረግህማ ታየዋለህ» አለችው ኖላዊት፤ ክርኑ ግን ጎኗ ላይ ነበር፤ አላነሣችውም።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፉ። ከባድ ጥያቄ ነበር፤ ለዚህ ቀን መርጠው ያቆዩት። ጠመኔውን አስቀምጠው ዞሩ።

ሁሉም ወደ ጎን ግድግዳ ይመለከታሉ። ግድግዳው ጨልሟል፤ ፊት የለበትም።

መምህሩ ነገሩ ገባቸው። ተራ እየጠበቁ ነው። «ዛሬ ተራ የሚሰጥ የለም» አሉ። «አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ተነጋገሩ።»

ከመካከለኛው አግዳሚ አንድ ልጅ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጎረቤቱ አንድ ነገር ተናገረ። ጎረቤቱ «አይደለም» አለው። ከኋላ አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ «ነው እንጂ» አለች። ሁለት ሰዎች እኩል ተናገሩና ደንግጠው እኩል ዝም አሉ፤ የተቆጣቸው እንደሌለ ሲያዩ እኩል ቀጠሉ። አግዳሚው ለአግዳሚ፣ ረድፉ ለረድፍ አቀበለው፤ አንዱን ቃል ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

መምህር ኢዮስያስ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ቆሙ። ከፊት ረድፍ ስሕተት መልስ ሲሰጥ ሰሙ፤ አላረሙም። እጃቸው ከኋላ የሰሌዳውን ጠርዝ ይዞ ነበር። ተማሪዎቹ አላዩአቸውም። ሥራ ላይ ነበሩ።

በሩ በስሱ ተገፋ። ኤልዳና ደፉ ላይ ቆማ ነበር። ለበሩ ቅርብ ከነበረው አግዳሚ አንድ ልጅ አያትና ብድግ አለ።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ! ጠጋ እንላለን።»

ኤልዳና አግዳሚውን ተመለከተች። ተማሪዎቹ ከወዲያ ጫፍ ጀምረው ተገፋፍተው ነበር፤ በዚህኛው ጫፍ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተከፈተ። እግሯ ደፉን ሊሻገር ተነሣና ተመለሰ።

«እኔ ከገባሁ ነገ ማን ይደለድላችኋል?» አለች።

ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ግን ከዚያ አልሄደችም።

ነጭ የለበሱ የጤና ቁጥጥር ሰዎች የመጡት ከቀትር በፊት ነው። ተቆጥተው አልነበረም፤ የሚቆጡበት ደንብም አልነበራቸውም። መምህሩ መልሱን ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ በር ላይ ጠበቁ። ከዚያ እርሳቸውን በአንድ በኩል፣ ተማሪዎቹን በሌላ በኩል ወሰዱ። ስንብት አልተደረገም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማን ማንን እንደሚሰናበት ግልጽ አልነበረም፤ ያፌት ብቻ ከሩቅ «መምህር፣ ክርኔን!» ሲል ጮኸ፤ ቀሪውን ርቀቱ አስቀረው።

በዚያው ቀን ማታ መሣሪያው አምስተኛ ዙር መዘገበ። ድልድሉን የጻፈችው ኤልዳና ናት። ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው አሮጌው ማደሪያ ተከፈተላቸው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ተማሪዎች አስነጠሱ። ግቢው ተሸበረ፤ ሐኪሞች ከከተማ መጡ። ምርመራው ጉንፋን ሆኖ ተገኘ። ከተማሪዎቹ አንዳቸውም ጉንፋን ይዟቸው አያውቅም ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ለሁሉም ተዳረሰ፤ ሳምንት ሳይሞላም ለቀቃቸው።

መምህር ኢዮስያስ ከቤታቸው ሳሎን አንዱን ግድግዳ ጥቁር ቀለም አስቀብተው ሰሌዳ አደረጉት። የቤታቸው መስኮት ከግቢው በተቃራኒ በኩል ነው፤ ከዚያ የሚታየው የጤፍ ማሳ ነው። የመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ትምህርት ሲጀመር ክራቫታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው በምስል መሣሪያው ፊት ተቀመጡ።

የታያቸው አንድ ምስል ነበር። ድሮ በሰባ ሁለት ትናንሽ መስኮቶች ተከፋፍለው ያዩአቸው የነበሩት ሁሉ በአንድ መስኮት ውስጥ፣ በዐሥራ ሁለት አግዳሚዎች ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቢጫዎቹ ክቦች አይታዩም፤ ሰው ተቀምጦባቸዋል። በአዳራሹ የጎን ግድግዳ ላይ ያለው አንድ ፊት ብቻ ነው፤ የእርሳቸው። መናገሪያውም ለሁሉም አንድ ስለሆነ የክፍሉ ድምፅ ሳይጣራ ይደርሳቸዋል፦ የአግዳሚው ጩኸት፣ የጫማው ኮቴ፣ አንድ የቀረ ሳል።

ስለ ወሰን፣ ቁጥሮች ስለሚጠጉት ድንበር፣ ማስተማር ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው በዝግታ አንድ ነገር ተናገረ። የኋላው ረድፍ ሳቀ። ነገሩ ከረድፍ ወደ ረድፍ ወደ ፊት ተሻገረ፤ በሄደበት ሁሉ ትከሻዎች ተንቀጠቀጡ፤ ኖላዊት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሳቁ ለሁሉም እኩል ደረሰ፤ ያሳቀው ነገር ብቻ ለመምህሩ አልደረሰም።

«ምን ተባለ?» አሉ መምህሩ።

ተማሪዎቹ ቀና አሉ።

«ምንም፣ መምህር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ የሚያሰኝ ቁልፍ አለ። ጣታቸው ወደዚያ ሄደ። አልነካውም። ጠመኔ አንሥተው ቆሙና ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው፣ አንድ አጭር መስመር ለመጻፍ ከሚያስፈልገው ጊዜ እጅግ የረዘመ ጊዜ፣ ከኋላቸው የሚደርሰውን ጉርምርምታ እያዳመጡ፣ በሰሌዳው ፊት ቆዩ።